ልጃችሁ ረጅም ርቀት ይሮጣል? ከሃይስኩል ወደ ኮሌጅ ቡድን የሚወስደው መንገድ፣ ደረጃ በደረጃ

በሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በሲያትል፣ በሚኒያፖሊስም ሆነ በአውሮራ፣ ቅዳሜ ጠዋት የሃይስኩል አገር አቋራጭ ውድድር ባለበት ሜዳ የሐበሻ ስም ከፊተኞቹ መካከል አይጠፋም። ልጁ 12ኛ ክፍል ሲደርስ ግን ብዙ ጊዜ ነገሩ ይቀየራል። ከኋላው ሲገቡ የነበሩ ልጆች ለኮሌጅ ቡድን ሲፈርሙ እሱ ገና ለማን መጻፍ እንዳለበት አያውቅም። ምልመላው ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የሚቆጠር ወረቀትና የጊዜ ሰሌዳ እንዳለው ለቤተሰቡ የነገረ ሰው አልነበረም።

ይህን የምጽፈው ወንድ ወይም ሴት ልጃቸው በአሜሪካ ሃይስኩል ረጅም ርቀት ለሚሮጡ ወላጆች ነው። ልጁ አማርኛ የሚያነብ ከሆነ አብራችሁ ተቀመጡና አንብቡት።

ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልናገር። በሩጫ ምልመላ አሰልጣኙ ወደ ልጁ እስኪመጣ አይጠበቅም። በአገር ደረጃ ስማቸው ከሚጠራ ጥቂት ፈጣኖች አንዱ ካልሆነ በቀር ልጁ ራሱ ይጽፋል፣ ራሱ ይደውላል፣ ራሱ ይጠይቃል። የሚጻፍለት ትምህርት ቤት ደግሞ ሦስት ነገር ማሟላት አለበት፦ ልጁ ቡድኑ ውስጥ ገብቶ በእርግጥ የሚወዳደርበት፣ የሚፈልገውን ትምህርት የሚማርበት፣ ቤተሰቡም ዕዳ ውስጥ ሳይዘፈቅ የሚከፍለው። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ብዙውን ጊዜ ልጁ በሁለተኛው ዓመት ወይ ሩጫውን ወይ ትምህርት ቤቱን ይተዋል።

ያሬድ ንጉሤን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ከኢትዮጵያ ከመጡ ወላጆች ተወልዶ ኬንታኪ፣ ሉዊቪል ከተማ ያደገ፣ ሩጫን የጀመረውም ሃይስኩል ከገባ በኋላ ነው። ኖተር ዳም ዩኒቨርሲቲ ባዮኬሚስትሪ እየተማረ በ2019 የአሜሪካ ኮሌጆች ውድድር (ኤንሲኤኤ) የ1500 ሜትር ሻምፒዮን ሆነ፤ በ2024 ፓሪስ ላይ በዚያው ርቀት የኦሎምፒክ ነሐስ ወሰደ። ከልጆቻችን አብዛኞቹ ኦሎምፒክ አይደርሱም። ሩጫ ግን ጥሩ ትምህርት ቤት ሊያስገባቸው፣ ከዚያም አራት ዓመት ጥሩ ጓደኞች መካከል ሊያኖራቸው ይችላል፤ እኔ ይህን ትልቅ ነገር አድርጌ ነው የማየው።

ሊጎቹን ለዩ

የኮሌጅ ስፖርት አንድ ሊግ አይደለም። ትልቁ ድርጅት ኤንሲኤኤ ሲሆን ሦስት ዲቪዥኖች አሉት።

ዲቪዥን አንድ ትልልቆቹ ናቸው። እዚህ በ2025 ትልቅ ለውጥ መጥቷል። ቀድሞ አንድ ትምህርት ቤት ለወንዶች ትራክና አገር አቋራጭ በድምሩ 12.6፣ ለሴቶች 18 ሙሉ ስኮላርሺፕ ነበር መስጠት የሚችለው፤ አሰልጣኙም ይህንኑ ለወርዋሪውም ለአጭር ርቀት ሯጩም ለረጅም ርቀት ሯጩም ይቆራርጠው ነበር። በጁን 2025 ፍርድ ቤት ባጸደቀው ስምምነት መሠረት፣ ስምምነቱን በተቀበሉ ትምህርት ቤቶች የስኮላርሺፕ ቁጥር ገደቡ ቀርቶ በምትኩ የቡድኑ አባላት ቁጥር ተገድቧል፦ አገር አቋራጭ 17፣ ትራክ 45፣ ለወንዶችም ለሴቶችም።

ይህ ለእኛ ልጆች ምን ማለት ነው? በወረቀት ሲታይ አንድ ትምህርት ቤት ለሁሉም ሙሉ ስኮላርሺፕ ሊሰጥ ይችላል፤ በተግባር ግን ለሩጫ ያን ያህል በጀት ያለው ጥቂት ነው። ያለ ስኮላርሺፕ ቡድኑን መቀላቀል፣ ማለትም ዋክ-ኦን የሚባለው መንገድ ደግሞ ጠቧል። ቀስ ብሎ የሚያድግን ልጅ ሁለት ዓመት ይዞ መጠበቅ ለአሰልጣኙ ቦታ ይፈጅበታል። በዚያ ላይ አሰልጣኞቹ ከሌላ ኮሌጅ የሚዛወሩ የ21 እና የ22 ዓመት ሯጮችን፣ ከምሥራቅ አፍሪካም በቀጥታ የሚመጡ ልጆችን ያያሉ። ልጃችሁ ዲቪዥን አንድን ብቻ ካለመ ይህን አውቆ ይግባበት።

ዲቪዥን ሁለት ላይ እስከ 12.6 ስኮላርሺፕ ለወንዶች፣ እስከ 12.6 ለሴቶች ይፈቀዳል፤ አሰልጣኞቹም የስፖርቱን ገንዘብ ከትምህርት ውጤት ስኮላርሺፕ ጋር አዋህደው መስጠት ይወዳሉ። ደረጃው ዝቅ ያለ የሚመስለው ሰው ተሳስቷል። ኮሎራዶ፣ አላሞሳ ላይ ያለው አዳምስ ስቴት ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሆኖ ለብዙ ዓመታት ጠንካራ ሯጮችን ሲያወጣ ኖሯል፤ ከፍታው የአዲስ አበባ ያህል ነው።

ዲቪዥን ሦስት ላይ ግን ልቆይ፤ ወላጆቻችን ብዙ ጊዜ ሳያዩት የሚያልፉት ይህን ነው። የስፖርት ስኮላርሺፕ የለውም። ይህን ሲሰሙ «ታዲያ ምን ይሠራል?» ይላሉ። ነገር ግን ኤምአይቲ፣ ጆንስ ሆፕኪንስና ዊሊያምስ ኮሌጅ የሚወዳደሩት በዚህ ዲቪዥን ነው። እነዚህ ትምህርት ቤቶች የቤተሰቡን ገቢ አይተው ከፍተኛ የገንዘብ ድጋፍ ይሰጣሉ። እነ ሃርቫርድና ዬል ያሉበት የአይቪ ሊግ ስምንቱም ኮሌጆች፣ ዲቪዥን አንድ ቢሆኑም፣ የስፖርት ስኮላርሺፕ አይሰጡም፤ በገቢ ላይ የተመሠረተ ድጋፍ ግን አላቸው። አሰልጣኙ የሚያደርገው እርዳታ ሌላ ነው፦ የልጁን ስም ለመግቢያ ቢሮው ያቀርብለታል። ታክሲ እየነዳ ወይም ሆስፒታል በፈረቃ እየሠራ ልጅ ለሚያሳድግ ቤተሰብ፣ ልጁ ጎበዝ ተማሪ ከሆነ፣ ከሁሉ ርካሹ ኮሌጅ ይኸው ሊሆን ይችላል።

ኤንኤአይኤ የሚባለው ሌላ ድርጅት ብዙ ትናንሽ የግል ኮሌጆችን ያቅፋል፤ ስኮላርሺፕ ይሰጣል፣ የምልመላ ደንቡም ቀለል ያለ ነው። ኤንጄሲኤኤ ደግሞ የሁለት ዓመት ኮሌጆች ሊግ ነው። እንግሊዝኛው ገና ላልጠነከረ ወይም ውጤቱ ለወደቀ ልጅ ጥሩ በር ነው፤ ሁለት ዓመት ተምሮና ሮጦ ወደ አራት ዓመት ትምህርት ቤት ይዛወራል። አይዋ ውስጥ ያለው አይዋ ሴንትራል በሩጫ ስም ካላቸው አንዱ ነው።

ትምህርቱን ከ9ኛ ክፍል ጀምሩ

ለዲቪዥን አንድና ሁለት ልጁ በሃይስኩል 16 ዋና ዋና ትምህርቶችን ማለፍ አለበት። ለዲቪዥን አንድ ክፍፍሉ ይህ ነው፦ እንግሊዝኛ 4 ዓመት፣ ሒሳብ ከአልጀብራ አንድ ጀምሮ 3 ዓመት፣ ሳይንስ 2 ዓመት፣ ከእነዚህ ከሦስቱ ከአንዱ ተጨማሪ 1 ዓመት፣ ማኅበራዊ ሳይንስ 2 ዓመት፣ የቀረው 4 ዓመት እንደ ውጭ አገር ቋንቋ ያለ ነው። ከ16ቱ አስሩ 12ኛ ክፍል ከመጀመሩ በፊት ማለቅ አለባቸው፤ ከአስሩም ሰባቱ በእንግሊዝኛ፣ በሒሳብና በሳይንስ። የእነዚህ ትምህርቶች አማካይ ነጥብ ለዲቪዥን አንድ ቢያንስ 2.3፣ ለዲቪዥን ሁለት 2.2 ነው። ኤስኤቲና ኤሲቲ ከ2023 ወዲህ ለኤንሲኤኤ ብቁነት አይጠየቁም፤ ኮሌጁ ራሱ ለመግቢያ ሊጠይቃቸው ግን ይችላል።

2.3 ወለሉ ነው። በዚህ ነጥብ የሚረካ ቤተሰብ ብዙ ገንዘብ ይቀርበታል። 3.8 ያለው ልጅ ከትምህርት በኩል ስኮላርሺፕ ስለሚያመጣ የአሰልጣኙን በጀት አይነካም፤ እኩል ከሚሮጡ ሁለት ልጆች አሰልጣኙ የትኛውን እንደሚመርጥ መገመት አያስቸግርም።

በቅርብ ለመጡ ቤተሰቦች ሁለት ነገር ላስጠንቅቅ። አንደኛ፣ የእንግሊዝኛ ድጋፍ ክፍሎች ከ16ቱ ላይቆጠሩ ይችላሉ። እያንዳንዱ ሃይስኩል በኤንሲኤኤ የጸደቀለት የትምህርት ዝርዝር አለው፤ ካውንስለሩ፣ ማለትም የሃይስኩሉ የተማሪዎች አማካሪ ዘንድ ሄዳችሁ «ልጄ የሚወስዳቸው ክፍሎች በዝርዝሩ ላይ አሉ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህን በ9ኛ ክፍል መጠየቅና በ12ኛ ክፍል መጠየቅ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ሁለተኛ፣ ልጁ 9ኛ ወይም 10ኛን ኢትዮጵያ ከተማረ የዚያ ዓመት ትራንስክሪፕት ይጠየቃል። ማኅተም ያለበትን ዋናውን ወረቀት አገር ቤት የሚሄድ ዘመድ ሲገኝ ቀደም ብላችሁ አስመጡ። በክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሬጅስትራር ፍለጋ መንከራተት ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ።

የኤንሲኤኤ የብቁነት ማዕከል ድረ ገጽ ላይ ልጁ በ10ኛ ወይም በ11ኛ ክፍል ይመዝገብ። ክፍያ አለው፤ ገቢው ዝቅተኛ የሆነ ቤተሰብ በካውንስለሩ በኩል ከክፍያ ነፃ መሆን ይችላል። አትፈሩ፣ ጠይቁ።

ሰዓቱን አንብቡ

ሩጫ ጥሩነቱ ሰዓት አለመዋሸቱ ነው። የልጁ ውጤቶች አትሌቲክ ዶት ኔትና ማይልስፕሊት ላይ ይገኛሉ፤ አሰልጣኞችም እዚያው ነው የሚያዩት። የኮሌጅ ሯጮች ውጤት ያለው ደግሞ ቲኤፍአርአርኤስ የሚባል ድረ ገጽ ላይ ነው። ለማንም ክፍት ነው፤ እናንተም ተጠቀሙበት።

አንድ የምትፈልጉትን ኮሌጅ ክፈቱ። በመጀመሪያ የቡድኑን አንደኛ ዓመት ተማሪዎች ስም አውጡና ሃይስኩል እያሉ 1600 እና 3200 ሜትር በስንት እንደሮጡ ፈልጉ። ያ ሰዓት አሰልጣኙ ምን ዓይነት ልጅ እንደሚወስድ ይነግራችኋል። ቀጥሎ የቡድኑን ሰባተኛ ሯጭ እዩ። በአገር አቋራጭ ሰባት ይሮጣሉ፣ አምስቱ ነጥብ ያስቆጥራሉ። ልጃችሁ በሁለት ዓመት ውስጥ ያንን ሰባተኛ ልጅ ሊደርስበት ይችላል? አዎ ከሆነ ትምህርት ቤቱ ዝርዝራችሁ ውስጥ ይግባ። ከዚያ ከሦስት ዓመት በፊት የገቡትን ልጆች ፈልጉ፦ ስንቱ አሁንም ቡድኑ ውስጥ አሉ? ሰዓታቸውስ ተሻሽሏል? አምስት ገብተው አንድ የቀረበት ቡድን ካያችሁ ጥያቄ ያዙ።

ከአገር አቋራጭ ሰዓት ይልቅ አሰልጣኞች የትራኩን 3200 ሜትር ያምናሉ፤ አንዱ ሜዳ ዳገት፣ ሌላው ሜዳ ጭቃ ስለሆነ የ5 ኪሎ ሜትር ሰዓት አይወዳደርም። በአገር አቋራጭ የሚያዩት በስቴት ሻምፒዮና ስንተኛ እንደወጣ ነው። 3200ን ከ9 ደቂቃ በታች የሮጠ ወንድ ልጅ፣ ወይም ከ10:20 በታች የሮጠች ሴት ልጅ፣ ኢሜይሉ ራሱ ይጎርፍላቸዋል። ከእነዚህ ሰዓቶች ያልደረሰ ልጅ ሁሉ ራሱ መጻፍ አለበት፤ እነሱ ደግሞ ከሚፈርሙት እጅግ የሚበዙት ናቸው።

ሰዓቱ ብቻውን ሁሉን አይናገርም። በሳምንት 40 ኪሎ ሜትር እየሮጠ 3200ን በ9:40 የገባ ልጅ፣ በ100 ኪሎ ሜትር 9:30 ከገባው ይልቅ ለአሰልጣኝ ሊያጓጓ ይችላል፤ ገና የሚያድግበት ቦታ አለው። ስለዚህ ልጃችሁ የሳምንት ኪሎ ሜትሩን መዝግቦ ይያዝ። ኮሌጅ ላይ ወንዶች በአገር አቋራጭ 8 እና 10 ኪሎ ሜትር ስለሚሮጡ፣ ርቀት ሲጨምር የሚሻለው ልጅ ዋጋው ከፍ ይላል።

በዚህ መንገድ ከ15 እስከ 25 ትምህርት ቤቶች ዘርዝሩ። ጥቂቱ ትንሽ ከአቅም በላይ፣ አብዛኛው ልክ፣ ጥቂቱ ደግሞ በእርግጠኝነት የሚቀበለው ይሁን። ሁሉም ግን ሩጫው ባይኖርም ልጁ ሊማርበት የሚፈልገው መሆን አለበት። እግር ሊጎዳ ይችላል፣ አሰልጣኝም ሊለቅ ይችላል።

መቼ ምን ይደረጋል

10ኛ ክፍል ካለቀ በኋላ የሚመጣው ጁን 15 የመጀመሪያው ትልቅ ቀን ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የዲቪዥን አንድና ሁለት አሰልጣኞች ለልጁ መጻፍና መደወል ይፈቀድላቸዋል። ልጁ ከዚያ በፊት መጻፍ ይችላል፤ አሰልጣኙ ግን በደንቡ ምክንያት መልስ አይሰጥም። ዝምታውን እንደ እምቢታ አትቁጠሩት። ዲቪዥን ሦስት ላይ ይህ የመጻጻፍ ገደብ የለም።

11ኛ ክፍል ከመጀመሩ በፊት ካለው ኦገስት 1 ጀምሮ ዲቪዥን አንድን በይፋ መጎብኘት ይቻላል። የ11ኛ ክፍል የጸደይ ትራክ ከሁሉ ወቅት ይበልጣል፤ አሰልጣኞች የሚወስኑበት ሰዓት በብዛት የሚሮጠው ያኔ ነው። በዚያ ወቅት ልጁ በሦስት ርቀት በሦስት ቀን ከሚደክም፣ ከሃይስኩል አሰልጣኙ ጋር ተነጋግሮ አንድ ወይም ሁለት ፈጣን 3200 ቢመርጥ ይሻላል።

ከ11ኛ ክፍል በኋላ ባለው ጁላይ፣ የአይቪና ጠንካራ የዲቪዥን ሦስት ኮሌጆች አሰልጣኞች የልጁን ትራንስክሪፕት ለመግቢያ ቢሮ አስገብተው ቅድመ ንባብ ያስደርጋሉ፤ ቢሮው ልጁ ተቀባይነት ሊያገኝ መቻሉን አስቀድሞ አይቶ ይነግራቸዋል። ለዚህ እንዲደርስ ትራንስክሪፕቱና የ12ኛ ክፍል የትምህርት ዕቅዱ በጁን መጨረሻ እጃችሁ ላይ ይሁን። በ12ኛ ክፍል መስከረም ጉብኝቶች ይካሄዳሉ፣ በኖቬምበር መጀመሪያ የቅድሚያ ማመልከቻ ይገባል፣ በኖቬምበር አጋማሽ ዲቪዥን አንድ ላይ ፊርማ ይጀመራል።

ኢሜይሉን ልጁ ይጻፈው

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚሰናከሉት ወላጆች ናቸው። አባት ተነስቶ «ልጄ በጣም ጎበዝ ነው» ብሎ ለአሰልጣኙ ይጽፋል። አሰልጣኙ ማወቅ የሚፈልገው ግን ከቤት ርቆ አራት ዓመት የሚያሠለጥነውን ልጅ ነው። ልጁ ራሱ ይጻፍ፤ እናንተ አንብባችሁ ስሕተት ካለ አርሙለት።

ሌላም ነገር አለ። ልጆቻችንን ያሳደግናቸው ስለራሳቸው እንዳያወሩ ነው። ታላቅ ፊት አንገት መድፋት፣ በሌላ ሰው መመስገን ጨዋነት ነው ብለን አስተምረናል፤ ጥሩም አድርገናል። በዚህ ሥራ ግን ሰዓቱን መናገር ጉራ እንዳልሆነ ቁጭ አድርጋችሁ ንገሩት። «አሰልጣኙ ሰዓትህን ካላወቀ ሊረዳህ አይችልም» በሉት።

የኢሜይሉ ርዕስ ራሱ መረጃ ይያዝ፦ ስም፣ ሃይስኩል የሚጨርስበት ዓመት፣ ከተማና ስቴት፣ የ1600 እና የ3200 ሰዓት፣ ጂፒኤ (የትምህርት አማካይ ነጥብ)። ውስጡ አጭር ይሁን። በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ይዘቱ ይህን ይምሰል፦

«ኮች፣ ሰላም። በሜሪላንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፣ በ2027 እጨርሳለሁ። ባለፈው ሳምንት 3200 ሜትር በ9:31 ሮጫለሁ፤ ባለፈው ዓመት 9:58 ነበር። 1600 በ4:24። በሳምንት 65 ኪሎ ሜትር ገደማ እሮጣለሁ፣ በዚህ ዓመት ጉዳት አልነበረብኝም። ጂፒኤዬ 3.7 ነው፣ ሲቪል ምሕንድስና መማር እፈልጋለሁ። የእናንተን ፕሮግራም የመረጥኩት ምሕንድስናው ስላለ፣ ያለፉት ሁለት ዓመት አዲስ ገቢዎቻችሁም በ5000 ሜትር ብዙ እንደተሻሻሉ ስላየሁ ነው። የውጤቴ ገጽና ትራንስክሪፕቴ ከዚህ ጋር አሉ። የአሰልጣኜ ስልክና ኢሜይል ይኸውና። ለ2027 ገቢዎች ከረጅም ርቀት ሯጮች ምን እንደምትፈልጉ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።»

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር አሰልጣኙ እንዲመልስ የሚጋብዝ ጥያቄ ነው። «የእናንተን ፕሮግራም የመረጥኩት» የሚለው ክፍል ለእያንዳንዱ ትምህርት ቤት እንደገና ይጻፍ፤ ለሃያ ሰው የተላከ አንድ ደብዳቤ ወዲያው ይታወቃል። ከኢሜይሉ ጋር የእያንዳንዱ ቡድን ድረ ገጽ ላይ ያለውን የምልመላ ቅጽም ይሙላ።

መልስ ካልመጣ ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በኋላ እንደገና ይጻፍ። አዲስ ምርጥ ሰዓት በሮጠ ቁጥርም ይጻፍ። መልስ ሲመጣ በአንድ ቀን ውስጥ ይመልስ። አሰልጣኙ ሲደውል ስልኩን ልጁ ያንሳ፤ እናንተ አጠገቡ ተቀምጣችሁ አትንገሩት። ስለ ገንዘብ የሚነጋገሩበት ጊዜ ሲመጣ የእናንተ ተራ ይሆናል።

የአሰልጣኞችን አነጋገር መስማት ልመዱ። «እየተከታተልንህ ነው» ማለት ገና አልወሰኑም ማለት ነው። «በራሳችን ወጪ መጥተህ ጎብኘን» ካሉ ነገሩ ከብዷል። ልጁ በጨዋነት በቀጥታ ቢጠይቅ ማንም አይቀየመውም፦ «ለ2027 ስንት ቦታ አላችሁ? በዝርዝራችሁ ላይ እኔ የት ነኝ?» ግልጽ መልስ የማይሰጥ አሰልጣኝ ካለ ልጁ ሌሎቹን በሮች ክፍት አድርጎ ይቆይ።

ጉብኝቱ

ይፋ ጉብኝት የሚባለው ኮሌጁ መጓጓዣውን፣ ማደሪያውንና ምግቡን የሚከፍልበት ነው። ይፋ ያልሆነው ወጪው የቤተሰቡ ነው። ልጁ ከሯጮቹ ጋር ያድራል፤ ከአሰልጣኙ ይልቅ እውነቱን የሚነግሩት እነሱ ናቸው።

አሰልጣኙን የሚጠይቀው፦ አዲስ ገቢዎች በመጀመሪያው ዓመት በሳምንት ስንት ኪሎ ሜትር ይሮጣሉ? የጉዳት ሐኪምና የሥነ ምግብ ባለሙያ አለ? የላብራቶሪ ትምህርት ከልምምድ ጋር ሲጋጭ ምን ይደረጋል? በአባላት ገደብ ምክንያት ከቡድን የወጣ ልጅ አለ? ሯጮቹን ደግሞ ብቻቸውን ሲሆኑ፦ ባለፈው ዓመት ስንት ሰው ተጎዳ? የተጎዳ ሰው ሲኖር አሰልጣኙ እንዴት ነው? ብትመለሱ ይህንኑ ትምህርት ቤት ትመርጡ ነበር?

ለሴት ልጅ አንድ ጥያቄ እጨምራለሁ፤ ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙት። አሰልጣኙ ስለ ክብደት እንዴት ይናገራል? ልጆችን ሰው ፊት የሚመዝን፣ ቅጥነትን የሚያወድስ ቡድን ውስጥ አታስገቧት። በቂ ሳትበላ የምትሮጥ ልጅ የወር አበባዋ ሊቋረጥ፣ አጥንቷም ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ያ ጉዳት ከኮሌጅ በኋላም ሊከተላት ይችላል።

ጾምም እዚህ ላይ ይነሳል። የነቢያት ጾም የአገር አቋራጩ ወቅት ሲገባደድ ይጀምራል፣ ዓብይ ጾም ግን ከትራኩ ውድድር ጋር ይገጣጠማል፤ ረመዳን ደግሞ በየዓመቱ ቦታውን ይቀያይራል። ልጁ የሚጾም ከሆነ በጉብኝቱ ላይ ይናገረው፣ የአሰልጣኙንም ፊት ይየው። ጥሩ አሰልጣኝ የልምምድ ሰዓት ያስተካክላል። የደም ብረት መጠንን፣ ፌሪቲን የሚባለውን፣ በዓመት አንድ ሁለቴ አስመርምሩ። ምስሩና ሽሮው ጥሩ ነው፤ ቡናና ሻይ ከምግቡ ጋር ሲጠጣ ግን ሰውነት ብረቱን በደንብ አይወስደውም፣ ስለዚህ ከምግብ አርቁት።

የገንዘቡን ወረቀት አንብቡ

«ስኮላርሺፕ ሰጡት» ሲባል ሰፈሩ ሁሉ ሙሉ ይመስለዋል። ለረጅም ርቀት ሯጭ ብዙ ጊዜ ከፊል ነው። ስለዚህ ዓይናችሁ ስኮላርሺፑ ላይ ሳይሆን ከኪሳችሁ የሚወጣው ላይ ይሁን። እንበልና አንዱ ኮሌጅ በዓመት 60,000 ዶላር ያስከፍላል፣ ለሩጫው 25 በመቶ ሰጠ፤ 45,000 ከኪሳችሁ ይወጣል። ሌላው የዲቪዥን ሦስት ኮሌጅ 85,000 ያስከፍላል፣ ገቢያችሁን አይቶ 65,000 ደገፈ፤ 20,000 ከኪሳችሁ ይወጣል። ውዱ የመሰለው በዓመት 25,000 ዶላር ረከሰ። እያንዳንዱ ኮሌጅ ድረ ገጹ ላይ የተጣራ ዋጋ ማስሊያ እንዲኖረው በሕግ ይገደዳል፤ ኢሜይል ከመጻፋችሁ በፊት ገቢያችሁን አስገብታችሁ እዩት።

ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ልጅ ፋፍሳን፣ ማለትም የመንግሥት የትምህርት ድጋፍ ማመልከቻውን፣ በ12ኛ ክፍል ከኦክቶበር ጀምሮ ይሙላ። አንዳንድ የግል ኮሌጆች ሲኤስኤስ ፕሮፋይል የሚባለውን ሌላ የገንዘብ ድጋፍ ቅጽም ይጠይቃሉ።

የስፖርት ስኮላርሺፕ ስምምነቱ ሲመጣ እነዚህን በጽሑፍ አረጋግጡ፦ የአንድ ዓመት ነው ወይስ የአራት? በመቶኛ ነው ወይስ በቁርጥ ዶላር? ክፍያው በየዓመቱ ስለሚጨምር ቁርጡ ዶላር እየሳሳ ይሄዳል። ከትምህርት ስኮላርሺፕ ጋር ይደመራል? በስምምነቱ ዘመን ውስጥ ልጁ በመጎዳቱ ወይም እንደተጠበቀው ባለመሮጡ ምክንያት ኤንሲኤኤ ስኮላርሺፑን መቀነስ አይፈቅድም፤ ዓመቱ ሲያልቅ ግን ላይታደስ ይችላል። የቃል ቃል ኪዳን ማንንም አያስርም፣ ልጁንም አሰልጣኙንም። ቀድሞ ይፈረም የነበረው ናሽናል ሌተር ኦፍ ኢንተንት በ2024 ቀርቷል፤ አሁን የሚፈረመው የስኮላርሺፕ ስምምነቱ ራሱ ነው። የቅድሚያ ውሳኔ ማመልከቻ ግን የሚያስር ስለሆነ፣ የገንዘብ ድጋፉ ግምት በእጃችሁ ሳይኖር አትፈርሙ።

ከኢትዮጵያ በቀጥታ ለሚመጣ ልጅ

አገር ቤት ያለ የወንድም ወይም የእህት ልጅ ይህን መንገድ ከጠየቃችሁ፣ አሠራሩ አንድ ነው፤ ልጁ ለአሰልጣኙ ይጽፋል፣ ሰዓቱንና ውጤቱን ያሳያል። ሦስት ነገር ግን ይጨመራል። ሃይስኩል ጨርሶ ለዓመታት ክለብ ውስጥ ሲወዳደር የቆየ ልጅ ከኮሌጅ የመወዳደሪያ ዓመታቱ ሊቀነስበት ይችላል፣ ስለዚህ ነገሩ 11ኛና 12ኛ ክፍል ሳለ ይጀመር። የሽልማት ገንዘብ ከመቀበሉ በፊት የብቁነት ማዕከሉን ይጠይቅ። የተማሪ ቪዛ ለማግኘት ደግሞ የመጀመሪያውን ዓመት ወጪ የሚሸፍን ማስረጃ ስለሚጠየቅ፣ ከፊል ስኮላርሺፕ ብቻውን አይበቃም።

«ብር ክፈሉና ኮሌጅ አስገባዋለሁ» የሚል ደላላ ከመጣ በሩን ዝጉ። ለቡድን ቦታ ገንዘብ የሚጠይቅ እውነተኛ አሰልጣኝ የለም። እዚህ አሜሪካም ብዙ ሺህ ዶላር እያስከፈሉ ኢሜይል የሚልኩ የምልመላ ድርጅቶች አሉ፤ የልጁን ሰዓት ሊያፈጥኑት አይችሉም፣ የሚልኩትንም ልጁ ቤት ቁጭ ብሎ በነፃ መላክ ይችላል።

ኖቬምበር ካለፈ በኋላ

ኖቬምበር አልፎ ልጁ ካልፈረመ በሩ አልተዘጋም። ዲቪዥን ሁለት፣ ኤንኤአይኤና የሁለት ዓመት ኮሌጆች እስከ ጸደይ መጨረሻ ይፈልጋሉ፤ በአፕሪልና በሜይ የሮጠው ሰዓት ለእነሱ ይድረስ። ዲቪዥን ሦስት ላይ ደግሞ በመደበኛው ማመልከቻ ተቀባይነት ያገኘ ልጅ አሰልጣኙን አነጋግሮ ቡድኑን መቀላቀል የሚችልባቸው ብዙ ቡድኖች አሉ።

የፈረመ ልጅ ላልመረጣቸው አሰልጣኞች በአንድ ሳምንት ውስጥ አመስግኖ ይጻፍላቸው፤ ነገ ቢዛወር ሊፈልጋቸው ይችላል። የ12ኛ ክፍል ውጤቱም እንዳይወድቅ፤ መግቢያውን የሚያሰርዙ ኮሌጆች አሉ። ሰርተፊኬቱን በተቀበለ ሳምንት ካውንስለሩ የመጨረሻውን ትራንስክሪፕት ለብቁነት ማዕከሉ መላኩን ጠይቁ፣ ልጁም አካውንቱ ውስጥ ገብቶ መድረሱን ይመልከት። ካውንስለሮች በጁን መጨረሻ ለዕረፍት ስለሚወጡ ይህን አታሳድሩት።